ባንዲ እንጂ ባንዳ አይደለም፦ የስዊድን የባንዲ ሊግ እንዴት ነው የሚሠራው?

ሩር ለጊ (ሳንድቪከን፣ ስዊድን)

ሰላም ለዚህ ቤት። ባለፈው ስለ ፕሪምየር ሊጋችን ስንጨቃጨቅ «እኔ እዚህ ያለሁበት ከተማ የባንዲ ክለብ አባል ነኝ» ብዬ ብጽፍ፣ ግማሹ ሰው «ባንዳ» ብሎ አነበበውና የአያቶቼን ታሪክ ሊያስመረምር ተነሣ። ቃል በገባሁት መሠረት ለብቻው ክር ከፍቻለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ አትደናገሩ።

ጨዋታውን ላላያችሁት፣ የገና ጨዋታን አስቡት። ቆልማማ ዱላ፣ ትንሽ ሩር፣ ሰፊ ሜዳ፣ ሁለት ጎራ። ሣሩን አንሡና በረዶ አንጥፉበት፤ ባዶ እግሩን ለሚሮጠው ጎረምሳ ስለት ያለው የበረዶ መንሸራተቻ ጫማ ስጡት። በቃ፣ ባንዲ ያ ነው። ሜዳው የእግር ኳስ ሜዳ ያህል ነው፤ ርዝመቱ ከ90 እስከ 110 ሜትር፣ ወርዱ ከ45 እስከ 65። በየወገኑ 11 ሰው፣ 45 ደቂቃ ሁለት ጊዜ። ኦፍሳይድ አለ፣ ኮርና አለ፣ ፍጹም ቅጣት ምት አለ። በረኛው ግን ዱላ አይዝም፤ በእጁና በገላው ነው የሚያድነው። ከተለመደው የበረዶ ሆኪ ጋር አታምታቱት። ያ ጠባብ ሜዳ ላይ ግድግዳ እየተደገፉ መጋጨት ነው። ይሄ ሩጫና ቅብብል ነው፤ 8 ለ 6 የሚያልቅ ጨዋታ ብርቅ አይደለም።

ወደ ሊጉ ስመጣ፣ ከፍተኛው ሊግ ኤሊትሴሪየን ይባላል። አሁን ባለው መልኩ የተጀመረው በ2007/08 የውድድር ዘመን ሲሆን ያኔ 14 ክለቦች ነበሩ። ሁሉም ከሁሉም ጋር በሜዳውና ከሜዳው ውጪ ይጫወታል፤ 14 ሲሆኑ 26 ጨዋታ ማለት ነው። ያሸነፈ 2 ነጥብ፣ አቻ የወጣ 1። በጥቅምት ይጀመርና የካቲት ላይ ሰንጠረዡ ይዘጋል። ሰንጠረዡን መምራት ግን ዋንጫ አያስገኝም! ከላይ የወጡት ጥሎ ማለፍ ይገባሉ፤ ሻምፒዮኑ የሚታወቀው መጋቢት ላይ በአንድ የፍጻሜ ጨዋታ ነው።

ጥያቄ ካለ ጠይቁ፤ የምችለውን እመልሳለሁ።

—

የአራት ኪሎ ልጅ (አዲስ አበባ)

እና ፈረንጆቹ ገናን ሰርቀው በረዶ ላይ አስቀመጡት ነው የምትለን? 😂 «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚለውንም ወስደዋል ወይስ እዚያ ጌታው ይቆጣል?

ቁም ነገሩን ልጠይቅህ። ሊጉ የማን ነው? የኛ ክለቦች የባንክ ናቸው፣ የመከላከያ ናቸው፣ የከተማ አስተዳደር ናቸው። በጀት ሲቆረጥ ክለቡ አብሮ ይቆረጣል። እዚያ ማን ነው ከፋዩ?

—

ሩር ለጊ

ይቆጣል እንጂ! ዳኛው 10 ደቂቃ ከሜዳ ያስወጣሃል፤ ቡድንህ በ10 ሰው ይቀጥላል።

ስለ ባለቤትነቱ ስትጠይቀኝ ጥሩ ቦታ ነካህ። ስዊድን ውስጥ ክለብ የአባላቱ ነው። ዓመታዊ መዋጮ ትከፍላለህ፣ በዓመታዊ ጉባኤ ላይ ቁጭ ብለህ እጅህን ታወጣለህ፤ ለአንድ አባል አንድ ድምፅ። ክለቡ አክሲዮን ማኅበር ቢያቋቁም እንኳ፣ ከድምፁ አብዛኛው በአባላቱ ማኅበር እጅ መቆየት አለበት። 51 በመቶ የሚሉት ደንብ ነው፤ ከ1999 ጀምሮ የስዊድን ስፖርት ኮንፌዴሬሽን ሕግ ሆኗል። ስለዚህ አንድ ባለሀብት መጥቶ ክለቡን ገዝቶ ወደ ሌላ ከተማ ሊወስደው አይችልም።

መጀመሪያ ጉባኤ ላይ የተገኘሁ ቀን የገረመኝን ልንገራችሁ። ሊቀ መንበሩ የሒሳብ ሪፖርት ሲያነቡ፣ ጡረታ የወጡ አንዲት እናት እጃቸውን አውጥተው «የቋሊማ ሽያጩ ለምን ቀነሰ?» ብለው ጠየቁ። አሥር ደቂቃ ክርክር ሆነ። ስለ አዲሱ አጥቂ ደመወዝ የተጠየቀው ግን ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ያኔ ሳቄ መጥቶ ነበር። ኋላ ስገባበት ነው ቋሊማው ቀልድ እንዳልሆነ የገባኝ።

—

የቬስቴሮሱ (ቬስቴሮስ፣ ከ1980ዎቹ ጀምሮ)

ልጄ ሩር ለጊ፣ ጥሩ ጽፈሃል፤ ግን «የተጀመረው በ2007» ስትል አንባቢው የትናንት ነገር እንዳይመስለው። የስዊድን ሻምፒዮና በ1907 ነው የተጀመረው፤ ያኔ ዝም ብሎ ጥሎ ማለፍ ነበር። ፌዴሬሽኑ በ1925 ተመሠረተ። በሊግ መልክ በአገር ደረጃ መካሄድ የያዘው በ1930ዎቹ መጀመሪያ ነው።

እኔ ስመጣ ክለቦቹ ለሰሜንና ለደቡብ ተከፍለው ነበር። እስከ ፈረንጆች አዲስ ዓመት ከጎረቤትህ ጋር ትጫወታለህ፤ ከዚያ በኋላ ከሁለቱም ወገን የተሻሉት ይገናኛሉ። ጥሩነቱ ጉዞው አጭር ነበር። መጥፎነቱ፣ ተመልካቹ ማን የት ምድብ እንዳለ ለማወቅ ወረቀትና እርሳስ ያስፈልገው ነበር። በ2007 አንድ ወጥ ሊግ ሲሆን ለቴሌቪዥንም ለስፖንሰርም ለመሸጥ ቀለለ። የጉዞው ወጪ ግን በረታ። ከፊንላንድ ድንበር አጠገብ ያለው ካሊክስ ሊጉ ውስጥ በነበረባቸው ዓመታት ደቡብ ወዳለው ቬትላንዳ መጓዝ ከ1,200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በአውቶቡስ፣ በክረምት።

ከሥሩ ያለው ሊግ አልስቬንስካን ይባላል፤ እሱ ከ2007 በኋላም ሰሜንና ደቡብ ተብሎ ሲከፈል ኖሯል። ከኤሊትሴሪየን ግርጌ ላይ የቀሩት ወይ ይወርዳሉ ወይ ከታች ከሚመጡት ጋር የማጣሪያ ጨዋታ ይጫወታሉ። የማጣሪያ ጨዋታ ከፍጻሜው ይበልጥ ያስለቅሳል።

—

የአራት ኪሎ ልጅ

ጋሼ እናመሰግናለን፣ ይጻፉልን። እኛ ጋ ደግሞ በተቃራኒው ሆኗል። ቡድኑ ሁሉ አንድ ከተማ ይሰበሰብና ሳምንታት እዚያው ይጫወታል፤ ከዚያ ተጠቅልሎ ወደ ሚቀጥለው ከተማ። ሐዋሳ፣ ድሬዳዋ፣ አዳማ። ወጪ ይቀንሳል፣ ግን የገዛ ከተማዬን ቡድን በስልክ ነው የማየው።

—

ሩር ለጊ

እዚህ እንደዚያ ቢሞከር ሊጉ በአንድ ዓመት ይሞታል። የክለቡ ገቢ እኮ በር ላይ ነው ያለው። ትኬት፣ ቡና፣ ቋሊማ፣ የዕጣ ቲኬት። የሜዳህን ጨዋታ ከወሰዱብህ ወጥ ቤቱን ነው የዘጉብህ።

አሁን ሁላችሁም የምትወዱትን ክፍል ልንገራችሁ፦ ምርጫውን። ጥሎ ማለፉ ሲደርስ «1ኛ ከ8ኛ፣ 2ኛ ከ7ኛ» ብሎ ነገር የለም። ከላይ የወጡት ቡድኖች ከታች ካሉት መሀል ተጋጣሚያቸውን ራሳቸው ይመርጣሉ! 1ኛ የወጣው ቀድሞ ይመርጣል፣ ቀጥሎ 2ኛው፣ ለመጨረሻው የተረፈው ይደርሰዋል። አስቡት፣ በሰው ፊት «አንተ ትቀለኛለህ» ሲሉህ። አሠልጣኙ ሌላ ንግግር ማዘጋጀት አያስፈልገውም፤ መልበሻ ክፍሉ ግድግዳ ላይ «መረጡን» ብሎ መለጠፍ ብቻ ነው። አንዳንዱ መራጭ ደግሞ የተጋጣሚውን ድካም ሳይሆን ርቀቱን ያያል፤ በተከታታይ ብዙ ጨዋታ ስለሆነ ሩቅ አገር ከመመላለስ ቅርብ ያለውን ጠንካራ ይሻላል ይላል። እስከ ግማሽ ፍጻሜ የተለመደው ከ5 ጨዋታ ቀድሞ 3 ያሸነፈ ያልፋል ነው። ፍጻሜው ግን አንድ ጨዋታ፣ በገለልተኛ ሜዳ።

—

ሒሳብ አዋቂ (ጎተንበርግ)

ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ርዕሱ ላይ «ፕሮፌሽናል» የሚል ቃል ባለመኖሩ አመሰግናለሁ። እኔ የኖርኩበት ሠፈር የአንድ ኤሊትሴሪየን ክለብ ተጫዋች ጎረቤቴ ነበር። ጠዋት በ12 ሰዓት ወደ ፋብሪካ ሥራው ሲሄድ አየው ነበር፤ ማታ ልምምድ። ብዙዎቹ ወይ ይሠራሉ ወይ ይማራሉ። በደመወዙ ብቻ የሚኖር ጥቂት ነው። ታዲያ ይሄ ፕሮፌሽናል ሊግ ነው ወይስ በደንብ የተደራጀ የቅዳሜ ጨዋታ?

—

ሩር ለጊ

ቃሉን እኔም አልወደውም። ግን አስተያየትህ ግማሹን ብቻ ነው ያየው። ደመወዙ ግማሽ ፕሮፌሽናል ነው፤ አደረጃጀቱ ግን ሙሉ ነው። ፌዴሬሽኑ የክለቦቹን ሒሳብ ይመረምራል። መርሐ ግብሩ ከብሔራዊ ቡድኑ ጋር ተናብቦ ይወጣል። ክለቦቹም የጋራ ማኅበር አላቸው፤ ስለ ቴሌቪዥንና ስለ ስፖንሰር ከፌዴሬሽኑ ጋር የሚደራደሩት በሱ ነው። ሕዝቡ የማያየው ደግሞ ከሥር ያለው ነው፦ በየጨዋታው ትኬት የሚቆርጠው፣ መኪና የሚያሰልፈው፣ በረዶውን የሚጠርገው፣ ብዙው በነጻ ነው። የታዳጊ ቡድን ወላጆች የሽንት ቤት ወረቀት በጅምላ እያመጡ ለጎረቤት ይሸጣሉ። አዎ፣ የሽንት ቤት ወረቀት። እኔ ራሴ ሁለት ዓመት ሸጫለሁ፤ የኛ ሕንጻ ነዋሪ እኔን ሲያይ በሩን ይቆልፍ ጀመር።

—

ቡና በፔርሙዝ (ስቶክሆልም)

😂😂 ባሌንም እንዲሁ አድርገውታል፣ ለእጅ ኳስ ክለብ።

እኔ አንድ ነገር ልጨምር፣ በረዶውን። እናንተ ወንዶች ስለ ነጥብና ስለ ድምፅ ትከራከራላችሁ፤ ይሄን ሊግ ከሁሉም በላይ የሚገዛው ግን በረዶ ነው። ድሮ ሐይቅ ሲረጋ ነበር የሚጫወቱት። ከዚያ ሜዳው ሥር የማቀዝቀዣ ቧንቧ ቀበሩ። ከዚያ ኤድስቢን የምትባል 4,000 ገደማ ሰው ያላት ከተማ በ2003 በአገሪቱ የመጀመሪያውን ጣሪያ ያለው የባንዲ አዳራሽ ሠራች። እና ምን ሆነ? ከ2004 እስከ 2008 አምስት ዓመት በተከታታይ ሻምፒዮን ሆነች! ጣሪያ ያለው ዝናብ አይነካው፣ ቀድሞ ልምምድ ይጀምራል፣ በረዶው እንደ መስታወት ነው።

ከዚያ በኋላ ሁሉም «እኛም አዳራሽ» አለ። ቬስቴሮስ ሠራ፣ እናንተ ሳንድቪከን በ2009 ሠራችሁ፣ ሊድሾፒንግም። ቬነርስቦርግ የሠራው ደግሞ ከታሰበው ዋጋ በጣም አልፎ የማዘጋጃ ቤቱን ፖለቲካ አመሰው። ምክንያቱም አዳራሹን ክለቡ ሳይሆን ማዘጋጃ ቤቱ ነው የሚሠራው። የእግር ኳስ ሜዳ የሚያህል በረዶ በግብር ከፋይ ገንዘብ ታቀዘቅዛለህ ማለት ነው። ሊጉ ውስጥ ማን ይቆያል የሚለውን ከአሠልጣኙ ይልቅ የማዘጋጃ ቤቱ ምክር ቤት ይወስነዋል ባይ ነኝ።

እኔ ግን የስቶክሆልሙን ክለብ ሐማርቢን ዚንከንስዳም ሜዳ ነው የማየው፣ መሀል ስቶክሆልም፣ ሰማይ ሥር። ጋቢ ደርቤ።

—

የቬስቴሮሱ

እህቴ እውነትሽን ነው። አዳራሽ ሲመጣ ጨዋታው ፈጠነ፤ ያማረ ሆነ። ግን የቀረ ነገርም አለ። ድሮ በረዶ ሲዘንብ ጨዋታ ይቆምና መጥረጊያ ይዘው ይገቡ ነበር፤ ተመልካቹም ያግዛል። ቡናማ የቆዳ ቦርሳ የያዙ ሽማግሌዎች ታያላችሁ፤ የባንዲ ቦርሳ ይሉታል። ውስጡ ፔርሙዝ አለ። ፔርሙዙ ውስጥ ያለው ሁልጊዜ ቡና ብቻ ነው ብዬ አልምልም።

ስለ ፍጻሜውም ልንገራችሁ። ለብዙ ዓመታት ኡፕሳላ፣ ሜዳ ላይ ነበር። ከየከተማው በአውቶቡስ ይጎርፋል፣ እንደ ንግሥ በዓል ማለት ነው። በ2013 ወደ ስቶክሆልም ወስደው ጣሪያው በሚዘጋው ትልቁ ስታዲየም አደረጉት። ያን ዓመት ሐማርቢ ሳንድቪከንን ሲያሸንፍ 38,474 ሰው ገባ። ሰው «በቃ፣ ባንዲ አደገ» አለ። ቀጥሎ ግን ሁልጊዜ የስቶክሆልም ቡድን ፍጻሜ አይደርስም። ከትናንሽ ከተሞች ሁለት ቡድን ሲመጣ ያ ሁሉ ወንበር ባዶ ሆኖ ይታያል። በ2018 ወደ ኡፕሳላ መለሱት። እኔ ደስ ብሎኛል፤ ብርዱ ግን አልቀነሰም። የሴቶቹ ፍጻሜም በዚያው ቀን በዚያው ሜዳ ነው የሚካሄደው፤ ጠዋት ገብቶ ሁለቱንም ማየት ነው።

—

ሒሳብ አዋቂ

ጋሼ ከተናገሩ እቀበላለሁ። ግን እስቲ ይሄን መልሱልኝ፦ ጥሩ ተጫዋቾቹ ለምን ራሺያ ይሄዱ ነበር? እዚያ ነው ፕሮፌሽናሉ ሊግ የሚል ሰው አውቃለሁ።

—

የኢርኩትስክ ምሩቅ (ዋሽንግተን አካባቢ)

ይሄን እኔ ልመልስ። በሶቪየት ጊዜ ኢርኩትስክ ነው የተማርኩት። እዚያ «ባለ ኳስ ሆኪ» ነው የሚሉት፤ ባንዲ የሚል ስም የሰማሁት አሜሪካ ከገባሁ በኋላ ነው። ትዝ የሚለኝ ቅዝቃዜው ነው። ብርዱ ሲበረታ ጨዋታውን በሁለት ፋንታ በሦስት ከፍለው ያጫውታሉ፣ ተጫዋቹ ገብቶ እንዲሞቅ። ተመልካቹ ግን ቆሞ ይጠብቃል። ከኢትዮጵያ የመጣን አራት ልጆች አንድ ጊዜ ብቻ ሄደን፣ ከዚያ ጆሯችንን ስናሽ አደርን።

የራሺያ ሱፐር ሊግ አደረጃጀት ከስዊድኑ ፍጹም ይለያል። እዚያ ከክለቡ ጀርባ ያለው ባብዛኛው የክፍለ ሀገሩ አስተዳደር ወይም ትልቅ ድርጅት ነው። ክራስኖያርስክ ዬኒሴይ፣ ኢርኩትስክ ባይካል ኤነርጊያ፣ ካባሮቭስክ፣ አርካንግልስክ ቮድኒክ። ከአርካንግልስክ ካባሮቭስክ በአውሮፕላን ነው፤ በየሳምንቱ የሰዓት ክልል ታቋርጣለህ። ይሄን የሚከፍል የቋሊማ ሽያጭ የለም። ደመወዙም የተሻለ ስለነበር ጥሩ ጥሩ ስዊድናውያን ይሄዱ ነበር። የክፍለ ሀገሩ ገዥ ሲቀየር ወይም በጀት ሲያጥር ግን ደመወዝ ይዘገያል። የአራት ኪሎው ልጅ መጀመሪያ ላይ ያለው በሽታ እዚያም አለ ማለት ነው። በ2022 ጦርነቱ ሲመጣ ደግሞ ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ራሺያን አገደ፤ ስዊድናውያኑም ወደ አገራቸው ተመለሱ።

—

የአራት ኪሎ ልጅ

ስለዚህ በአንድ ወገን ቋሊማ፣ በሌላ ወገን ገዥ። እኔ ቋሊማውን መርጫለሁ።

ጥያቄ፦ ሐበሻ ይጫወታል እንዴ?

—

ቡና በፔርሙዝ

ከሐበሻ ይልቅ ሶማሌ ጎረቤቶቻችን ቀድመውናል። ቡርሌንገ የሚባል ከተማ ከሚኖሩ ወጣት ስደተኞች በ2013 የሶማሊያ ብሔራዊ የባንዲ ቡድን ተዋቀረ። ብዙዎቹ መንሸራተቻ ጫማ አድርገው አያውቁም፤ አሠልጣኛቸው ፔር ፎስሃውግ የሚባል ዝነኛ የቀድሞ ተጫዋች ነበር። በ2014 ጥር ለዓለም ዋንጫ ኢርኩትስክ ሄዱ (ምሩቁ፣ ያንተው ከተማ!)። ከአፍሪካ የመጀመሪያው ቡድን ናቸው። ጎል በጎል ተሸነፉ፣ ግን ስታዲየም የገባው ሕዝብ ለነሱ ነበር የሚያጨበጭበው።

የኛ ልጆች በታዳጊ ቡድን አልፎ አልፎ አያለሁ። ችግሩ የቤተሰብ ነው፤ እናት «ልጄ በረዶ ላይ በስለት ጫማ?» ትላለች። እኔም ብያለሁ።

—

ሩር ለጊ

ማየት ለሚፈልግ ምክር፦ በፈረንጆች ገና ማግስት፣ ታኅሣሥ 26፣ የባንዲ ቀን ነው። ጎረቤት ከጎረቤት ይገናኛል፤ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ስታዲየም የሚመጣ ሰው የሚመጣው ያን ቀን ነው። ከኛ ገና ዐሥራ ሁለት ቀን ይቀድማል እንጂ ነገሩ አንድ ነው፤ ጠግበህ በልተህ ዱላና ሩር ለማየት ትወጣለህ። ጋቢ፣ ሁለት ካልሲ፣ ከሥር ካርቶን። ካርቶኑን አትናቁት፣ ብርዱ ከእግር ሥር ነው የሚገባው።

ሒሳብ አዋቂ፣ አንተ ጎተንበርግ ነህ፤ ሊድሾፒንግም ትሮልሄታንም ቅርብህ ናቸው። ሂድና ተመልከት፣ ከዚያ ተመልሰህ ተከራከረኝ።

—

ሒሳብ አዋቂ

ሄጄ መጣሁ። ለክርክር ሳይሆን ልጄ ስላስቸገረኝ ነው።

የመጀመሪያውን ሩብ ሰዓት ሩሯን አላየኋትም። ቀይ ናት ይላሉ፤ እኔ የማየው ሰው ወደ አንድ ወገን ሲሮጥ ብቻ ነው። አጠገቤ የቆሙ ሽማግሌ ገብቷቸው ነው መሰል «ሩሯን አትከተል፣ ኮርናውን ጠብቅ» አሉኝ። እውነትም ኮርና ሲመጣ ሁሉም ነገር ግልጽ ሆነልኝ። ተከላካዮቹ ጎሉ መስመር ላይ ይሰለፋሉ፣ አጥቂዎቹ ከቅጣት ክልሉ ውጪ። ሩሯ ከማዕዘን ስትለቀቅ ተከላካዮቹ እንደ ጥይት ወደ ተኳሹ ይወረወራሉ፤ እሱ ደግሞ ከነሱ ቀድሞ መምታት አለበት። አንዱ በጭኑ ተቀብሎ ወደቀ፣ ተነሣ፣ ቀጠለ። ያን ሰው ሰኞ ጠዋት ፋብሪካ በር ላይ አስቤው አዘንኩለት።

በዕረፍት ሰዓት ለቋሊማ ተሰለፍኩ። የሚሸጠው ልጅ ዐሥራ አራት ዓመት ቢሆነው ነው፤ መልሱን በራሱ ቆጥሮ ሰጠኝ፣ አንድ ክሮናም አላጎደለ። ከኋላዬ ያሉት ሰዎች ስለ ማዘጋጃ ቤቱ የመብራት ሒሳብ ነበር የሚነጋገሩት።

«ፕሮፌሽናል» የሚለውን እስከ አሁን አልተቀበልኩም። ልጄ ግን ለመጪው ዓመት ስሙን አስመዝግቧል፣ ሩር ለጊ፣ ያንተ ጥፋት ነው። ስንት ጥቅል የሽንት ቤት ወረቀት ነው የሚደርሰኝ?

—

ሩር ለጊ

በልጅ ሠላሳ። ጎረቤቶችህን ከአሁኑ ሰላም በላቸው።